የኦኪፈኖኪ ረግረግ አውሬዎች በ1953፤ ስለ አንድ የጋዜጣ ሥዕላዊ ተረት የቀረበ ሐተታ

አውሬዎች እንደ ሰው የሚናገሩበት ተረት በየሕዝቡ ዘንድ ይገኛል። በአሜሪካ ግን ይህ ዓይነቱ ተረት በ20ኛው መቶ ዓመት አዲስ ማደሪያ አግኝቷል፤ ይኸውም የዕለት ጋዜጣ ነው። ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ሥዕሎች በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ፤ ንግግሩ ከተናጋሪው ራስ አጠገብ በመስመር በተከበበ ባዶ ቦታ ይጻፋል፤ ታሪኩም ሳይፈጸም ለነገ ያድራል። በእንግሊዝኛ «ኮሚክ» የሚባለውን ይህን ሥራ ብዙ ሊቃውንት የልጆች መሣቂያ ነው ብለው ሲንቁት ኖረዋል። ዋልት ኬሊ የተባለው ሠዓሊ «ፖጎ» በሚል ስም ካወጣው ሥራ ውስጥ የ1953 ታሪክ ለብቻው ቢመረመር ግን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ንቀቱ ያለ ፍርድ የተሰጠ መሆኑ ይገለጣል።

ኬሊ በ1913 በፊላደልፊያ ተወልዶ በኮነቲከት ግዛት ያደገ፣ ከ1936 እስከ 1941 በዋልት ዲዝኒ ዘንድ የሠራ ሰው ነው። ፖጎ በዕለት ጋዜጣ የወጣው በኦክቶበር 1948 በ«ኒው ዮርክ ስታር» ላይ ሲሆን፣ ያ ጋዜጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለ ተዘጋ ከሜይ 1949 ጀምሮ ለልዩ ልዩ ጋዜጦች በአንድነት ይታደል ጀመር። ስፍራው በደቡብ ጆርጂያ የሚገኘው ኦኪፈኖኪ የተባለው ረግረግ ነው። ፖጎ ራሱ ፖሰም ከሚባለው፣ እናቲቱ ልጆቿን በሆዷ ከረጢት ከምታሳድግበት ያሜሪካ አውሬ ወገን ነው። በዙሪያው ሲጋራ የማይለየው አልበርት የሚባል አዞ፣ ሊቅ ነኝ ባይ ጉጉት፣ የወሩ 13ኛ ቀን በማንኛውም ዕለት ቢውል የሚንቀጠቀጥ ኤሊ ይኖራሉ።

ይህ የሰነፎችና የየዋሆች መንደር ነው። የመንደሩን ሰላም የሚያውኩት ደግሞ ሁልጊዜ ስለ መንደሩ ንጽሕና እናስባለን የሚሉት ናቸው። ከእነርሱም አንዱ ማሽራት የሚባለው ዲያቆን፣ በዝርያው የውሃ አይጥ ነው። ዲያቆን ሲባል በአገራችን እንደሚታወቀው ቅዳሴ የሚያገለግል ወጣት መስሎ እንዳይታሰብ፤ በብዙዎቹ የአሜሪካ ፕሮቴስታንት ማኅበሮች ዲያቆን ማለት ጉባኤውን የሚያስተዳድር የተከበረ ሽማግሌ ነው። ኬሊ የዚህን ሰው ንግግር በጥንታዊ ጎቲክ ፊደል ይጽፈዋል። ስለዚህ አንባቢው ቃሉን ከማንበቡ በፊት መልኩን አይቶ ከአሮጌ የጸሎት መጽሐፍ የተገለበጠ ይመስለዋል፤ ሲያነበው ግን ተራ ተንኰል ሆኖ ያገኘዋል። ሁለተኛው ዓይኑ በደንብ የማያይ ፍልፈል ነው፤ ስሙ ሞል ማካሮኒ ሲሆን፣ በሽታ ከውጭ ይገባብናል እያለ የሚሠጋ ነው። አንባቢዎች በ1952 የወጣውንና በየአገሩ ኮታ ስደተኛን የሚመጥነውን ሕግ የደገፉትን የኔቫዳ ተወካይ ሴናተር ማካራንን በዚህ ስም ውስጥ ለማየት አልተቸገሩም።

በሜይ 1953 መጀመሪያ ሦስተኛው ገባ። እርሱም ሲምፕል ጄ. ማላርኪ የተባለ የዱር ድመት ነው፤ ያልተላጨ አገጩና ከባድ ቅንድቡ የዊስኮንሲን ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ነው። ማካርቲ በዚያው ዓመት የሴኔቱን የምርመራ ንኡስ ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት ይዞ ነበር፤ በውጭ አገር ከሚገኙ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት እስኪወጡ ድረስ ድምፁ የሚፈራ ሰው ሆኖ ነበር። ኤድዋርድ ማሮ በቴሌቪዥን የታወቀ ትችቱን ያቀረበው በማርች 1954 ስለ ሆነ፣ የኬሊ ሥዕል በአሥር ወር ይቀድመዋል።

ስለ ዓመቱ የሚጻፈው ሁሉ በዚህ የፊት መምሰል ላይ ያተኩራል። ነገር ግን የታሪኩ ጉልበት ያለው በዱር ድመቱ ፊት ሳይሆን እርሱ ከመምጣቱ በፊት በተቋቋመው ማኅበር ነው። ዲያቆኑና ፍልፈሉ «የወፍ ተመልካቾች» የተባለ ማኅበር ይዘዋል፤ ወፍ መመልከት ጎረቤትን መመልከት ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ጊዜ አይወስድም። የዱር ድመቱ ጠመንጃውን ይዞ ሲመጣ በሩን ሰብሮ አልገባም፤ ተጠርቶ ነው የመጣ። ጠሪዎቹ ጉልበቱን ለራሳቸው ሐሳብ ሊያውሉት ፈለጉ፤ እርሱ ግን ማኅበሩን ወሰደባቸው። የዲያቆኑ ጎቲክ ፊደል በዚህ ጊዜ እጅግ ያስቃል፤ አጻጻፉ እንደ ተከበረ ይቀራል፣ የሚናገረው ቃል ግን በየቀኑ ወደ ልመና ይወርዳል። ኬሊ የሠራው ዋና ሰው ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ማላርኪን አይቶ የማይጠላው የለም፤ ዲያቆኑን ግን አንባቢው በየመሥሪያ ቤቱና በየጉባኤው ያውቀዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የቅጥራኑ ምንቸት ይመጣል። አንድን ሰው በቅጥራን ለቅልቆ ላባ መለጠፍ በአሜሪካ ሕዝብ ያለ ዳኛ የሚፈጽመው የቆየ የማዋረጃ ልማድ ነው። በኬሊ እጅ ግን ይህ ቅጣት መሆኑ ይቀርና ማስረጃ ይሆናል፤ በቅጥራንና በላባ ማንንም ወፍ ማድረግ ይቻላልና። ተከሳሹ ከክሱ በፊት ወፍ አልነበረም፤ ከሳሾቹ ከነኩት በኋላ ግን ላባው ይታያል። የዘመኑ ምርመራ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ከብዙ የፖለቲካ ጽሑፍ ይልቅ ይህ ቀልድ አብራርቶታል። በመጨረሻም ቅጥራኑ ወደ ባለቤቶቹ ይመለሳል፤ ማኅበርተኞቹም እርስ በርሳቸው ይነካከሳሉ፤ የዱር ድመቱ መጥረቢያ ይዞ ፍልፈሉን በጨለማው ረግረግ ውስጥ ያሳድደዋል። እነዚህ ሥዕሎች ምንም አያስቁም። የዛፎቹ ጥላ ይከብዳል፤ በዲዝኒ ቤት የሠለጠነው ብሩሽ ለአስፈሪ ነገር ሲውል ይታያል።

አውሬው ጭምብል ነው ሲባል ይሰማል። ጭምብል ግን ፊትን ይሰውራል፤ ይህኛው የሚሠራው ሌላ ነው። በቅኔ ትምህርት ያለፈ አንባቢ ሰሙን የሚሰጠው ባለቅኔው፣ ወርቁን የሚያወጣው ሰሚው መሆኑን ያውቃል፤ ወርቁን አውጥቶ የተናገረም ኀላፊነቱ የራሱ ነው። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በተባለው የአውሬዎች ቴያትራቸው መሳለቂያ ባቀረቡ ጊዜ ሥራው የተከለከለው፣ ሹማምንቱ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን ስላወቁ ነው። ኬሊም ይህን መንገድ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ1954 የፕሮቪደንስ ከተማ ጋዜጣ የማላርኪ ፊት ዳግመኛ ከታየ ታሪኩን አላትምም ቢል፣ ኬሊ አውሬውን ራሱ ላይ ከረጢት አጥልቆ አወጣው፤ ምክንያቱም ከፕሮቪደንስ የመጣች ዶሮ እንዳታየው ነው። በዲሴምበር 1954 ሴኔቱ ማካርቲን በ67 ድምፅ በ22 ላይ ከነቀፈ በኋላ፣ በኦክቶበር 1955 ሰውዬው አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሰ። ከፍ ባለ ነገር ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም፤ ፊቱንም የራሱ ንግግር ይሸፍነዋል። የወደቀን ሰው ለምን ትረግጣለህ የሚሉ ደብዳቤዎች ሲመጡ፣ የሠዓሊው መልስ ለይተው ያወቁት እነርሱ እንጂ እርሱ ስም እንዳልጠራ የሚያስታውስ ነበር።

እንዲህም ሆኖ ሥራው ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱንም ለማየት የተረት ተመራማሪ ከፖለቲካ ጸሐፊ ይልቅ ይቀርበዋል። ፖጎን የኤሶፕ የልጅ ልጅ ነው የሚሉ አሉ። የቅርብ ዘመዱ ግን እዚያው ጆርጂያ ውስጥ ነው፤ ጆኤል ቻንድለር ሃሪስ የተባለው ነጭ ጋዜጠኛ በ1880 «አንክል ሪመስ» በሚል መጽሐፍ ያወጣቸው፣ በባርነት የኖሩ ጥቁሮች ይተርኳቸው የነበሩ የጥንቸልና የቀበሮ ተረቶች ናቸው። ጥንቸሉ የሚጣበቅበት የቅጥራን አሻንጉሊት ተረት ከአፍሪካ ተረቶች ጋር ያለው ዝምድና ብዙ ተመርምሯል። በዚያ ተረት ቅጥራኑ የኀይለኛው ወጥመድ ነው፤ ደካማውም በብልሃቱ ያመልጣል። በ1953 ረግረግ ውስጥ ግን ከሳሾቹ የሚወድቁት በራሳቸው ጠብ ነው፤ ፖጎና ጓደኞቹ በብልሃት ያሸነፉት ነገር የለም፤ ከመሸሽና ከመደናገር አያልፉም። ጥንቸሉን የፈጠሩት ተራኪዎች ጠላት በራሱ እስኪወድቅ የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም።

ሌላም አለ። የረግረጉ አነጋገር ከደቡብ አሜሪካ ሕዝብ አፍ የተቀዳ ነው፤ ያ ሕዝብ ግን በ1953 በጆርጂያ ነጩና ጥቁሩ በሕግ ተለይቶ ይማር ነበር። የዓመቱ ታላቅ ታሪክ ከዊስኮንሲን የመጣውን አውሬ ሲወቅስ ስለ ስፍራው ሕግ አያነሣም። በ1940ዎቹ፣ ፖጎ በልጆች መጽሔት ይወጣ በነበረ ጊዜ፣ ባምባዚን የሚባል ጥቁር ልጅ ከአውሬዎቹ ጋር ይኖር ነበር፤ ወደ ዕለት ጋዜጣው ግን አልተሻገረም። ኬሊ በ1966 ባወጣው መጽሐፍ በኩ ክለክስ ክላን ላይ ተሳልቋል፤ ያ ግን ከ1953 ወዲህ 13 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።