የመጋቢ የሕይወት ታሪክ ከጓዳው ይጀመር

በአጥቢያችን አንድ አገልጋይ ሲያርፍ በሽኝቱ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሥራው ጊዜ አይሰጥም። ሰው ሌሊት ያርፋል፤ በማግስቱ በ8 ወይም በ9 ሰዓት አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። በመካከሉ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ይመጣል፣ ወጣቶቹ ፎቶግራፉን ለማሳደግ ይሮጣሉ፣ እኔም ከለቅሶ ቤቱ አንድ ጥግ ይዤ ደብተሬን እከፍታለሁ። የምጽፈው ቢበዛ ከአንድ ገጽ ተኩል አይበልጥም። ይህች ገጽ ተኩል ግን ለብዙ ቤተሰብ ስለ አባታቸው የተጻፈች ብቸኛ ጽሑፍ ሆና ትቀራለች፤ ፎቶ ኮፒዋ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ታጥፎ ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የምትጻፍ ብትሆንም፣ ለዘመን እንደምትቀመጥ አድርጌ ነው የምጽፋት።

የአጻጻፉን ሥርዓት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ በዚህ ዓ.ም. እዚህ ቦታ ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ተማሩ፤ ጌታን ተቀበሉ፤ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አረፉ። ይህን ሥርዓት አልንቀውም። ለቀስተኛው የለመደው ነው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ልቡን ለሟቹ ይሰጣል። ችግሩ ሟቹ መጋቢ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ የሹመት ዝርዝር ገጹን ይሞላዋል። የተከሏቸው አጥቢያዎች፣ የሲኖዶስ ኃላፊነት፣ የሴሚናሪ ምረቃ፣ የውጭ አገር ጉዞ። መጨረሻ ላይ «ባለትዳርና የ6 ልጆች አባት ነበሩ» ይባልና ወደ መጽናናቱ ይታለፋል። አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት በአንድ መስመር አለቀ ማለት ነው። እኔ የምታገለው ከዚህች መስመር ጋር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ጢሞቴዎስ በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት በምዕራፍ 3 የእግዚአብሔርን ቤት የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ የራሱን ቤት በመምራት እንዲመዘን አዟል። መመዘኛው ቤት ከሆነ ምስክሩም ከቤት መጠራት አለበት።

የቄስ ጉዲና ቱምሳን ታሪክ ያነበበ ይህን ይረዳኛል። በ1921 ዓ.ም. በወለጋ ቦጂ ተወለዱ፤ በነቀምቴ ሆስፒታል የሕክምና ረዳት ሆነው ሠሩ፤ በአሜሪካ ሚኒሶታ ሉተር ሴሚናሪ ተማሩ፤ ከዚያም ለ13 ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ ሁለት ጊዜ አስሮ ፈታቸው። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ ምእመናቸውን ትተው ለመሄድ እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኡራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ተይዘው ተገደሉ። አጽማቸው የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ በክብር የተቀበሩትም በ1984 ዓ.ም. ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ብናቆም ግን ታሪኩ ይጎድላል። በዚያ ምሽት ባለቤታቸው ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳም አብረዋቸው ተይዘው ነበር፤ ያዦቹ ግን እሳቸውን ከከተማ ውጭ ጥለዋቸው ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አስረው አሠቃዩአቸው፤ ያለ ፍርድም አሥር ዓመት ያህል በእስር አቆዩአቸው። ያረፉት በ2007 ዓ.ም. ነው። የባል ሰማዕትነት በአንድ ሌሊት ተፈጸመ፤ ሚስት ግን ዋጋውን ሠላሳ አምስት ዓመት ከፈሉ። የቄስ ጉዲናን «አልሄድም» ማለት ስንጽፍ ያ ቃል ወ/ሮ ፀሐይንም ልጆቻቸውንም የነካ መሆኑን ካልጻፍን ግማሹን ነው የጻፍነው።

ታዲያ መረጃው ከማን ይገኛል? ብዙውን ጊዜ ወደ እኔ የሚላከው የበኩር ልጅ ወይም የሟች ወንድም ነው። እነሱ ዓመትና ቦታ ይሰጡኛል፤ እሱንም በጥንቃቄ ነው የምቀበለው። የሚስዮን ትምህርት ቤት ወረቀት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሆን፣ የጥምቀቱ ወረቀት ደግሞ በእኛ ስለሚሆን፣ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሰውየው ሳይወለዱ የተጠመቁ ይመስላሉ። የልደት ዓመት ያልተጻፈላቸው አባቶች ሲሆኑ በዘመን እጠይቃለሁ፤ ጣሊያን ሲገባ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ ታዝለው ነበር እላለሁ። ይህ ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው።

ከባዱ የባለቤታቸው ነው። ቀን ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ለቀስተኛ ይቀበላሉ፤ ያን ጊዜ ምንም አልጠይቃቸውም። ሰው ሲቀልል፣ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ «እማማ፣ ቄሱ ከመንገድ ሲመለሱ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?» እላለሁ። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብዬ አልጠይቅም፤ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚሰጠው፤ ደግ፣ ትሑት፣ ጸሎተኛ። አንዲት እናት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ደጅ ተቀምጠው እየጠበቋቸው፣ እሳቸው ግን መጀመሪያ የልጆቹን ደብተር ነበር የሚያዩት።» ይህን የሰማች ሴት ልጃቸው ተነሥታ ከቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ፖስታ አመጣች። የስድስቱም ልጆች የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ነበር። «የወላጅ ፊርማ» በሚለው ቦታ ላይ በሁሉም ላይ የአባትየው ፊርማ አለ። ለወራት በገጠር አጥቢያዎች በቆዩባቸው ዓመታትም አለ። እናት ሰርተፊኬቶቹን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይልኩላቸው ነበር፤ ተፈርመው፣ ከጀርባቸው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ መስመር ምክር ተጽፎባቸው፣ በዚያው ሾፌር ይመለሱ ነበር። ለአንደኛው ልጅ «ሂሳብህ ተሻሽሏል፤ እናትህን በውኃ መቅዳት አግዛት» ይላል። እኔ «ልጆቻቸውን የሚወዱ አባት ነበሩ» የሚለውን ሰርዤ ስለ ሾፌሩና ስለ ፖስታው ጻፍኩ። በማግስቱ ሲነበብ ከኋላ ያሉት ወንዶች ሳይቀሩ አለቀሱ፤ አባትነቱን አይተውታልና።

እኒያው እናት ደመወዝ ሲዘገይ በርበሬ አስፈጭተው ይሸጡ እንደነበር፣ ሹራብ ሠርተው ለጎረቤት ያቀርቡ እንደነበር ነግረውኛል። እንግዳ ሲመጣ የልጆቹ አልጋ ለእንግዳ ይሆናል፤ ልጆቹ መሬት ላይ ይተኛሉ። በመጋቢ ቤት ደግሞ እንግዳ የማይመጣበት ሳምንት የለም። ይህን ስጽፍ አንዳንድ ሽማግሌዎች ቅር ይላቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያንን ገመና ያወጣሁ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የሴትዮዋ በርበሬ ከቃሉ አገልግሎት ተለይቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም ብዬ አምናለሁ። ስብከቱ የተሰበከው በዚያ በርበሬ ነው።

የደርግን ዘመን ሲያነሡ ብዙዎች «በአስቸጋሪው ጊዜ በጽናት አገለገሉ» ብለው ያልፋሉ። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር አልቀበልም። የት ታሰሩ? ስንት ጊዜ? ስንቅ ያመላለሰው ማን ነው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ካልተመለሱ ዘመኑ አልተጻፈም። ስንቅ የያዘች ሚስት በእስር ቤት በር ላይ ስትጠብቅ የምትመለከተው ባዶው ሰሃን መውጣቱን ነበር፤ ሰሃኑ ከወጣ ባሏ በሕይወት አለ። ቤቱስ ምን ሆኖ ነበር? የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ተመልከቱ። በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ምእመናኗ 5,000 ያህል ነበሩ፤ መሪዎቿ ታሰሩ፣ ሕንፃዎቿ ተወሰዱ። ደርግ ወድቆ በይፋ ስትወጣ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። ያ ሁሉ ሰው የተማረውና የተጠመቀው በየሰው ሳሎን፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ መዝሙር በሹክሹክታ እየተዘመረ ነው፤ ከአስተማሪዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ቡናውን ያፈሉ፣ በሩን የጠበቁ፣ ልጆቹን ለጎረቤት እንዳይናገሩ ያስተማሩ ሰዎች በሕይወት ታሪኩ ላይ ስማቸው ሊጠራ ይገባል።

ስለ ቅሬታም ልናገር። የመጋቢ ልጅ ብዙ ጊዜ በልቡ አንድ ነገር አለው፤ «አባቴ ለሰው ሁሉ ጊዜ ነበረው፣ ለእኔ ግን…» ይላል። በለቅሶ ቤት ይህን የነገሩኝ ልጆች ብዙ ናቸው። ሟችን ለመውቀስ አልጽፈውም፤ የሌለ ነገርም ጽፌ ልጁን በሕዝብ ፊት እንግዳ አላደርገውም። አባቱ በየሳምንቱ ቤት እንደሚውሉ አስመስዬ ብጽፍ፣ መቃብር ዳር ቆሞ የሚሰማው ልጅ ያን ሁሉ ወረቀት ውሸት ነው ብሎ ይደመድማል፤ ከአባቱ እምነት ጋርም ሊጣላ ይችላል። ስለዚህ ከቤተሰቡ ጋር ተመካክሬ እውነቱን በልክ እጽፋለሁ፦ «ልጆቻቸው አባታቸውን ከብዙ ሕዝብ ጋር ተካፍለዋል፤ ለዚህም ቤተ ክርስቲያን ታመሰግናቸዋለች።» ምስጋናው ለልጆቹ በስማቸው መሆን አለበት፤ የሚነበበውም እነሱ በተቀመጡበት በኩል ዞሮ ነው።

ስለ ንባቡ ጥቂት። ጽሑፉ ሲያልቅ ጮክ ብዬ ለራሴ አነበዋለሁ፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ዓረፍተ ነገር ካለ እቆርጠዋለሁ፤ አንባቢው ለቅሶ ስለሚይዘው አጭር ዓረፍተ ነገር ያድነዋል። ስብከት አላስገባም፤ ስብከቱ ከእኔ ቀጥሎ ይመጣል። የልጆቹን ስም አሳርሜ ነው የማስነብበው፤ አንድ ስም ከተዘለለ ያ ቤተሰብ ለዓመታት ያስበዋልና።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። በአጥቢያችሁ ጡረታ የወጡ መጋቢ፣ ወንጌላዊ ወይም ቄስ ካሉ በዚህ ሳምንት ሂዱና ጠይቋቸው፤ ደብተር ያዙ፣ ከፈቀዱም በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። አብራችሁ ቡና ጠጡ። መጀመሪያ ባለቤታቸውን ጠይቁ፤ ያገኛችሁትን ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ለልጆቻቸው፣ ሌላውን ለአጥቢያው ጽሕፈት ቤት ስጡ።