ስለ «ዶን ካርሎስ» ቴአትርና ስለ ንግሥት ኤልሳቤጥ

የጀርመናዊው ባለ ቅኔ የፍሪድሪክ ሺለር ቴአትር «ዶን ካርሎስ» በ1787 ዓ.ም. ሐምቡርግ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ወዲህ ስሙ ሳይጠፋ እስከ ዘመናችን ደርሷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ማርኪ ፖሳ የተባለው መኰንን በንጉሡ በዳግማዊ ፊልጶስ ፊት ቆሞ ለሰው ልጅ የአሳብ ነፃነትን የሚለምንበትን ክፍል አንብቦ ልቡ የማይነካ ሰው ያለ አይመስለንም። ስለዚህ ክፍል ብዙ ሊቃውንት የጻፉበት ስለሆነ እኛ አንደግመውም። ልንመረምር የፈለግነው የንግሥቲቱን የኤልሳቤጥን ነገር ነው። ደራሲው በርኅራኄ ሥሏታል፤ ነገር ግን ሥራዋን ነሥቷታል እንላለን።

በቴአትሩ ውስጥ ኤልሳቤጥ የፈረንሳይ ንጉሥ ልጅ ስትሆን፥ አስቀድማ ለእስፓኙ አልጋ ወራሽ ለዶን ካርሎስ ታጭታ ሳለ አባትየው ራሱ ያገባታል። ልጁ እንጀራ እናቱን ከመውደድ አልተመለሰም፤ ንጉሡም በቅናት ይቃጠላል። ሺለር ይህን የፍቅር ነገር ያገኘው ሴን ሬያል የተባለ ፈረንሳዊ በ1672 ዓ.ም. ካሳተመው ልብ ወለድ ታሪክ ነው እንጂ ከመንግሥት መዝገብ አይደለም።

እውነተኛው ታሪክ ከዚህ የደረቀ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ሲመረምሩት ግን ይብሱን ያስጨንቃል። እስፓኝና ፈረንሳይ ስለ ኢጣልያ ለብዙ ዘመን ሲዋጉ ኖረው በ1559 ዓ.ም. ካቶ ካምብሬዚ ላይ ሲታረቁ ልጅቱ የሁለቱ መንግሥታት ደም ማድረቂያ ሆነች። በመጀመሪያ በዕድሜ እኩያዋ ለሆነው ለካርሎስ ትሰጥ ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን የፊልጶስ ሚስት የእንግሊዟ ንግሥት ማርያም በ1558 ዓ.ም. ስለ ሞተች፥ ንጉሡ ለራሱ ወሰዳት። እርሱ 32 ዓመቱ፥ እርሷ 14 ዓመቷ ነበር። ጋብቻው በፓሪስ በኖትርዳም ቤተ ክርስቲያን ሲፈጸም ሙሽራው አልመጣም፤ በስሙ የቆመው የአልባ መስፍን ነበር። በዚያው በሠርጉ በዓል አባቷ ዳግማዊ ሄንሪ በፈረስ ላይ የጦር ግጥሚያ ሲጫወት የተሰበረ ጦር ዓይኑን ወግቶት ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። ሠርግ ወደ ለቅሶ የተለወጠበትን ይህን ቀን ሺለር በቴአትሩ ሳያሳየው ማለፉ ያስደንቀናል።

ዳሩ ግን ከሁሉ የሚያሳዝነን የባዮን ነገር መቅረቱ ነው። በ1565 ዓ.ም. ንግሥቲቱ ገና 20 ዓመቷ ሳለ፥ ከአልባ መስፍን ጋር የፈረንሳይን ወሰን ተሻግራ ከእናቷ ከካትሪን ዴ ሜዲቺ ጋር ተገናኘች። እናትየው ለቀሩት ልጆቿ የእስፓኝን ጋብቻ ልትጠይቅ መጣች፤ ልጅቱ ግን የባሏን ቃል ይዛ ፈረንሳይ በፕሮቴስታንቶች ላይ እንድትጠነክር ልትናገር ቀረበች። ከስድስት ዓመት በኋላ የተገናኙ እናትና ልጅ እንደ ሁለት መንግሥታት መልእክተኞች ፊት ለፊት ሲቀመጡ ከዚህ የበለጠ ምን ቴአትር ይገኛል? ሺለርን ላለመበደል አንድ ነገር እንመስክር፤ የእርሱም ንግሥት ካርሎስን ፍቅርህን ወደ አገርህ መልስ ብላ የምትመክር አስተዋይ ሴት ናት። ይሁን እንጂ ድርሻዋ መወደድና መጠርጠር ብቻ ሆኗል።

ባለ ቅኔ ታሪክ ጸሐፊ አይደለም የሚለን ይኖራል። እኛም ለወጠ ብለን አንከሰውም፤ የለወጠበት ከተወው ያነሰ ነው እንላለን እንጂ። ካርሎስ አባቱ ካሰረው በኋላ በሐምሌ 1568 ዓ.ም. ሞተ፤ ንግሥቲቱም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ፅንስ ጨንግፎባት በ23 ዓመቷ ዐረፈች። ሁለቱን ሞት በፍቅር ያገናኘው ወሬ ነው። ፊልጶስ በ1570 ዓ.ም. የእኅቱን ልጅ የኦስትሪያዋን አናን አገባ፤ እርሷም ቀድሞ ለካርሎስ የታሰበች ነበረች። ይህን ደራሲ ቢፈጥረው ማን ያምነው ነበር?

በቴአትሩ ውስጥ ንጉሡ ልጄ አይደለችም ብሎ የሚጠራጠራት የሦስት ዓመት ሕፃን አለች። ይህች ኢዛቤላ ክላራ ኤውጌኒያ በ1598 ዓ.ም. ለኦስትሪያው መስፍን ለአልበርት ስትታጭ ኔዘርላንድን በጥሎሽ ይዛ ሄደች፤ አልበርት በ1621 ዓ.ም. እስኪሞት ከእርሱ ጋር ገዛች፥ ከዚያም በእስፓኝ ንጉሥ ስም እስከ 1633 ዓ.ም. አስተዳደረች። ማርኪ ፖሳ ነፃነት የሚለምንላት አገር ይህችው ናት። ሺለርም በ1788 ዓ.ም. ስለ ኔዘርላንድ ዓመፅ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነውና አያውቅም አንልም። ቴአትሩን በአማርኛ ለማሳየት የሚነሣ ወገን ቢኖር፥ ሕፃኒቱ በመድረክ ላይ በምትታይበት ሰዓት ተመልካቹ ማን እንደ ሆነች አስቀድሞ እንዲያውቅ በመግቢያው ላይ ቢጻፍለት እንወዳለን።