«የላላ ማኅበር» የተባለው ሕዝብ፤ ስለ ታይላንድ ሰዎች የትሕትና ልማድና ስለ ምዕራባውያን ጸሓፊዎች ፍርድ

የአንድን አገር ሰው ሰላምታውን፣ አቀማመጡን፣ አነጋገሩንና አበላሉን አይቶ ስለ ባሕርዩ መፍረድ የመንገደኛ ልማድ ነው። መንገደኛ ጊዜው አጭር ስለ ሆነ ይህን ቢያደርግ ብዙ አይነቀፍበትም። የሕዝብን ኑሮ ለመመርመር የተነሣ ሊቅ ይህንኑ መንገድ ሲከተል ግን ስሕተቱ ከእርሱ ጋራ አይቀርም፤ ወደ መጽሐፍ ይገባል፤ ከመጽሐፍም ወደ ትምህርት ቤት ይሻገራል፤ በመጨረሻም ስለዚያ ሕዝብ «የታወቀ ነገር» ተብሎ ይጠቀሳል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ስለ ታይላንድ ሕዝብ የተሰጠውን እንዲህ ያለ ፍርድ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ስለ ታይ ሰዎች ጠባይ በምዕራብ ሊቃውንት ዘንድ ለብዙ ጊዜ መነሻ ሆነው የቈዩት ሁለት አጫጭር ሥራዎች ናቸው። አንደኛው ስመ ጥሩዋ አሜሪካዊት ሩት ቤኔዲክት በጦርነቱ ጊዜ በ1943 የጻፉትና እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1952 የታተመው ነው። ቤኔዲክት ታይላንድን በዐይናቸው አላዩም፤ ከመጻሕፍትና በአሜሪካ ይኖሩ ከነበሩ የታይ ሰዎች ቃል በመነሣት የሕዝቡን ጠባይ በሕፃናት አስተዳደግ ሊያስረዱ ሞከሩ። ሁለተኛው የጆን ኤምብሪ ጽሑፍ ሲሆን በ1950 የወጣ ነው። ኤምብሪ እንደ ቤኔዲክት በሩቅ ሆነው አልጻፉም፤ ከጦርነቱ በኋላ በአገሩ ተቀምጠዋል። ነገር ግን ከዚያ በፊት የአንድ የጃፓን መንደርን ኑሮ መርምረው በ1939 መጽሐፍ አሳትመው ነበርና ወደ ታይላንድ ሲገቡ በእጃቸው የነበረው መለኪያ ጃፓን ነበረ፤ ሁለተኛውም መለኪያ የራሳቸው አገር አሜሪካ ነበረች።

በእነዚህ በሁለቱ መለኪያዎች የታይ ሰው ጐደለ። ሁለት ሰዎች በመንገድ አብረው ሲሄዱ እርምጃቸው አይገጥምም፤ ሥራ በሰዓት አይለካም፤ ግዴታ በጥብቅ አይያዝም፤ እያንዳንዱ ሰው እንደ ፈቃዱ ይኖራል፤ ስለዚህም ማኅበሩ «የላላ» ነው ተባለ። ቃሉ አጭርና ለአፍ የሚመች ስለ ነበረ ወዲያው ተያዘ። ከኤምብሪ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ከፊሎቹ በየመንደሩ የላላውን ነገር ፍለጋ ወጡ፤ የፈለጉትንም አላጡም።

እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የእርምጃ አለመግጠም የሥርዓት መላላት ምስክር የሚሆነው በማን ዐይን ነው? በሰልፍ መሄድን ሥርዓት ብሎ በሚጠራ ሰው ዐይን እንደ ሆነ ግልጥ ነው። ተመልካቹ ሥርዓትን በለመደበት ቦታ ፈልጎ ባጣው ጊዜ «የለም» አለ። ሥርዓቱ ግን በሌላ ቦታ፣ እጅግም ጠንክሮ ይገኛል።

ሰላምታውን እንመልከት። የታይ ሰው «ዋይ» በሚባለው ሰላምታ ሁለት መዳፎቹን በፊቱ አጋጥሞ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። የውጭ አገር ሰው ይህን ሲያይ የእጅ መጨባበጥ ምትክ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መጨባበጥ ሁለቱን ሰዎች ቢያንስ ለጊዜው እኩል ያደርጋቸዋል፤ ዋይ ግን ማን ከማን እንደሚበልጥ ሳይናገር አያልፍም። እጅ የሚነሣው አስቀድሞ ታናሹ ነው፤ ታላቁ ይመልሳል ወይም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። የእጁም ከፍታ እንደ ተቀባዩ ክብር ይለያያል። ለቡድሃ መነኵሴ ሲሆን አውራ ጣቶች እስከ ቅንድብ መካከል ይደርሳሉ፤ ለወላጅና ለመምህር ሲሆን እስከ አፍንጫ ጫፍ፤ ከዚያ ለሚያንስ ሰው እስከ አገጭ። መነኵሴው ደግሞ ለምእመን እጅ አይነሣም። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ በአንድ ቅጽበት ዕድሜን፣ ሹመትንና ክህነትን መዝነው እጃቸውን በልኩ ማንሣት አለባቸው። እርምጃውን የማይቈጥር ሰው የእጁን ቁመት በጣት ይለካል።

የቋንቋው ነገር ከዚህ ይበልጣል። የኛ አንባቢ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን እየለየ ያደገ ስለ ሆነ ነገሩ አይከብደውም፤ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ለልጁም ለንጉሡም አንዲት ቃል ይበቃዋል። ታይኛ ከኛም አልፎ ይሄዳል። ተነጋጋሪዎቹ ዝምድና ባይኖራቸውም ታላቁ «ፒ»፣ ታናሹ «ኖንግ» ይባላል፤ ወንድምም ሆነ እኅት ቃሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ጾታ ሳይሆን ዕድሜ ነው። እኛ «አጎት» ብለን የምናልፈውን የታይ ሰው ከወላጅ የሚበልጥ ነው ወይስ የሚያንስ ብሎ ይከፍለዋል። መብላት የሚለው ግስ እንኳ አንድ አይደለም፤ ወዳጅ ለወዳጁ «ኪን» ይላል፤ ለተከበረ ሰው «ታን» ይላል፤ ለመነኵሴ «ቻን»፣ ለንጉሥ «ሳወይ» ይላል። በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻም ትሑት ወንድ «ክራፕ»፣ ትሑት ሴት «ካ» ብለው ይዘጋሉ። ስለዚህ የታይ ሰው እንግዳውን ገና ሲተዋወቅ ዕድሜውን ቢጠይቅ ምዕራባዊው የግል ጕዳይ ተነካብኝ ብሎ ይቀየማል፤ ጠያቂው ግን ዕድሜውን ሳያውቅ በምን ቃል እንደሚጠራው አያውቅም። ጥያቄው የሰዋስው ጥያቄ ነው።

ስለ ራስና ስለ እግር የሚነገረውን ለመንገደኞች የተዘጋጁ መጻሕፍት ሁሉ ስለሚደጋግሙት በአጭሩ እናልፈዋለን። ራስ የከበረ ነው፤ አይነካም። እግር የተናቀ ነው፤ ወደ ሰው ወይም ወደ ቡድሃ ምስል አይዘረጋም። ታናሽ በተቀመጡ ታላላቆች ፊት ሲያልፍ ጐንበስ ይላል። የመጻሕፍቱ ጉድለት እነዚህን እንደ ተበታተኑ ክልከላዎች መዘርዘራቸው ነው። ሦስቱም ግን ዋይ የሚናገረውን የላይና የታች ሥርዓት በአካል ላይ የጻፉ ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ክስ እንምጣ። ምዕራባውያን ስለ ታይ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ነቀፌታ «ፈገግታቸው እውነት አይደለም፤ እሺ ብለው አያደርጉም፤ የልባቸውን አይነግሩም» የሚል ነው። እዚህ ላይ «ክሬንግ ቻይ» የሚባለውን ቃል ሳይመረምሩ መፍረድ አይገባም። ቃሉ ፍርሀትና ልብ ከሚሉ ሁለት ቃሎች የተገጣጠመ ነው፤ ትርጕሙም ሌላውን ሰው እንዳላስቸግር፣ እንዳላሳፍር፣ ልቡንም እንዳልነካ ብሎ ራስን መግታት ነው። እንግዳ ውሃ ጠምቶት ሳለ «አይ፣ ደኅና ነኝ» ይላል። ጸሓፊው አለቃው ሲሳሳት እያየ በጉባኤ ፊት ዝም ይላል። ዝምታው ስምምነት አይደለም፤ እዚያ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አለቃውም ብልህ ከሆነ ያውቃል። ውሸት የሚባለው ሰሚው እንዲታለል የተነገረ ነገር ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ትርጕሙን የሚያውቁት ቃል ግን ውሸት ሳይሆን የቋንቋ ክፍል ነው። የሚታለለው ቋንቋውን ያልተማረው የውጭ ሰው ብቻ ነው።

አንባቢ ይህን ሲሰማ «የኛ ይሉኝታ ነው» ማለቱ አይቀርም። ቅርበት እንዳላቸው አይካድም፤ ሆኖም አንድ አይደሉም። ይሉኝታ ስሙ እንደሚያመለክተው የሚነሣው ሰዎች ምን ይሉኛል ከሚል ነው፤ ዳኛው ተመልካቹ ሕዝብ ነው። ክሬንግ ቻይ የሚነሣው በፊት ለፊት ያለው ሰው ምን ይሰማዋል ከሚል ነው፤ ማንም ባያይም ይሠራል። ይህን ልዩነት የሚዘነጋ ሰው ኤምብሪ በጃፓን መለኪያ የሠሩትን ስሕተት በኢትዮጵያ መለኪያ ይደግመዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የምዕራባውያንን ፍርድ የሚያፈርሰው የታሪክ ምስክርነት ነው። ጠባይ ተብሎ ከደም ጋራ የተቈጠረው ልማድ ብዙው ቀን የተቈረጠለት ነው። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በ1873 በዘውድ በዓላቸው ላይ በንጉሥ ፊት በምድር ተደፍቶ መስገድ እንዲቀር ዐወጁ። የቤተ ሰብ ስም በሕግ የተደነገገው በ1913 ነው፤ እስከ ዛሬም የታይ ሰው በአክብሮት የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንኳ ሳይቀሩ። እኛም እንዲሁ ስለምናደርግ ይህ አያስገርመንም። ከ1939 እስከ 1942 ድረስ የማርሻል ፒቡን ሶንግክራም መንግሥት ዐሥራ ሁለት የባህል ትእዛዞች አወጣ፤ ሕዝቡ በምዕራባውያን ዘንድ የሠለጠነ ሆኖ እንዲታይ አለባበሱንና የዕለት ኑሮውን እንዲያስተካክል ታዘዘ፤ ባርኔጣ እንዲያደርግና የሚያኝከውን የቤትል ቅጠል እንዲተው ተገደደ። ዛሬ ማንኛውም መንገደኛ በመጀመሪያ ቀን የሚማረው «ሳዋዲ» የሚለው የሰላምታ ቃልም አንድ የቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ መምህር ከሳንስክሪት ቃል አውጥተው ያቀኑት ሲሆን መደበኛ ሰላምታ እንዲሆን የታዘዘው በ1943 ነው። ከዚያ በፊት፣ አሁንም ቢሆን በወዳጅ መካከል፣ ሰላምታው «ወዴት ትሄዳለህ?» ወይም «በላህ?» የሚል ነው።

ይህን ልብ ብለን ካየን «የታይ ልማድ» እና «የምዕራብ ልማድ» ብለው ሁለት ዓምድ እየሠሩ ማነጻጸር ምን ያህል እንደሚያሳስት እንረዳለን። በታይ ማዕድ ላይ ያለው ሹካ የመጣው ከምዕራብ ነው፤ ተቀባዮቹ ግን እንደ ገዛ ሥርዓታቸው አደረጉት። ሹካው ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል እንጂ ወደ አፍ አይገባም፤ ቢላዋም በማዕዱ ላይ የለም። ምዕራብ የሚባለውም አንድ አይደለም። ፈረንሳዊና ጀርመናዊ ዛሬም ሁለት ዓይነት «አንተ» አላቸው። ኖርበርት ኤልያስ በ1939 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት የኤውሮጳ መኳንንት ራሳቸው ለብዙ ዘመን በእጃቸው ይበሉ ነበር፤ ሹካም የገባው ቀስ በቀስ ነው። በሥነ ሕዝብ መጻሕፍት «ምዕራባዊ» የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ በሃያኛው መቶ ዓመት የኖረ መካከለኛ ኑሮ ያለው አሜሪካዊ ነው።

ለኤምብሪ ፍርድ መጓደል የለብንም። ጽሑፋቸው አጭር ነበረ፤ ባወጡበትም ዓመት በአደጋ ስለ ሞቱ ነቀፌታውን ሰምተው ለማረም ዕድል አላገኙም። ጥያቄው በ1969 በታተመ የጥናት ስብስብ በሰፊው ተከራከሩበት፤ ጃክ ፖተርም በ1976 ስለ አንድ የሰሜን ታይላንድ መንደር ባወጡት መጽሐፍ የዕድሜ ታላቅነት፣ የዝምድናና የመረዳዳት ሥርዓት ምን ያህል የጠነከረ መሆኑን አሳዩ። ከሁሉ በፊት ግን የአገሩ ተወላጅ ፕራያ አኑማን ራጃቶን ከሕዝቡ ቃልና ከየዕለቱ ሥራ በመነሣት ልማዱን አንድ በአንድ ጽፈው ነበር። ማኅበሩ ጠበቀ ወይስ ላላ የሚለው ጥያቄ ለእርሳቸው መነሻ አልነበረም።

ነገር ግን ከአንዱ ገደል ሸሽቶ ወደ ሌላው መውደቅም አለ። የምዕራባውያንን ነቀፌታ ውድቅ ያደረገ ሰው ወዲያው ትሕትናውን በማወደስ፣ «ሰላምና ስምምነት የሰፈነበት ሕዝብ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይህም ያንኑ ስሕተት በጌጥ ማቅረብ ነው። ክሬንግ ቻይ ሸክሙ የሚከብደው በታችኛው ትከሻ ላይ ነው፤ ታናሹ የታላቁን ልብ እንደሚፈራ ታላቁ የታናሹን አይፈራም። የአገሩ ልጆችም ይህን ይከራከሩበታል። በ2017 በቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪዎች በንጉሥ ቹላሎንግኮርን ሐውልት ፊት እንዲሰግዱ በተደረገ ጊዜ ጥቂት ተማሪዎች አንሰግድም ብለው ወጡ። መስገድ በ1873 እንዲቀር ያወጁት እኒያው ንጉሥ እንደ ነበሩም አስታወሱ። የሰገደውም የቆመውም የታይ ልጅ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሥርዓት ውስጥ ሆነው ስለዚያ ሥርዓት ይሟገቱ ነበር። «የታይ ጠባይ ይህ ነው» የሚል መጽሐፍ ከሁለቱ አንዱን ከሕዝቡ ማውጣት ግድ ይሆንበታል።

ይህን ሁሉ በኢትዮጵያውያን ፊት መጻፋችን ስለ ሩቅ አገር ወሬ ለማብዛት አይደለም። ተማሪዎቻችን ዛሬ በየአውራጃው እየዞሩ የሰላምታን፣ የማዕድንና የለቅሶን ልማድ ይሰበስባሉ፤ በየማስታወሻቸውም መጨረሻ ላይ «የዚህ አገር ሰው ጠባዩ እንዲህ ነው» የምትል አንዲት መስመር አትጠፋም። ያቺን መስመር ከመጻፋቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ልማዱ ማንን ከማን ይለያል? መቼ ተጀመረ፤ ማንስ አዘዘው? ከአድራጊዎቹ መካከል የማይወደው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ያገኘ ተማሪ ያቺን የመጨረሻ መስመር መጻፍ አያስፈልገውም።