የዳነው ውሻና የሥዕሉ ዕዳ

ባለፈው ክረምት ማግስት አንድ ወዳጃችን በቤቱ ግድግዳ ላይ ያሰቀለውን አዲስ ሥዕል አይተን አስተያየታችንን እንድንሰጥ ጋብዞን ነበር። ሥዕሉ የውሻ ነው። ይህን ጥቁር ውሻ ወዳጃችን ከመንገድ ዳር ቦይ አንሥቶ፥ ቁስሉን አሳክሞ፥ ከቤቱ አስጠግቶታል። የግራ ጆሮው እኩሌታ የለም። በሥዕሉ ላይ ግን ሁለቱም ጆሮዎች ሙሉ ናቸው፤ ጠጉሩ እንደ ሐር ያበራል፤ ባንገቱ ላይ ቀይ ማሠሪያ አለ፤ ዓይኖቹም ወደ ላይ ቀና ብለው አንድ የማይታይ ቸር ሰው የሚያመሰግኑ ይመስላሉ። የሠዓሊው እጅ የሠለጠነ ስለ መሆኑ ጥርጥር የለንም። ሆኖም «ዕድሜ ይስጠው» ከማለት በቀር ምንም ሳንናገር ወጣን። ያን ጊዜ ያልተናገርነውን ዛሬ ለመጻፍ ተነሥተናል።

ውሻን በመሣል ስማቸው ከታወቀው ከኤውሮፓ ሠዓሊዎች አንዱ እንግሊዛዊው ኤድዊን ላንድሲር ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. ለንደን ላይ ለሕዝብ ካቀረባቸው ሥዕሎች አንዱ «የሰብአዊው ማኅበር የተከበረ አባል» የሚል አርእስት ነበረው። ማኅበሩ በ1774 በውሃ የሰጠሙትን ሰዎች ለማዳን የተቋቋመ ነው። በሥዕሉ ላይ ጥቁርና ነጭ የሆነ ግዙፍ ውሻ ከባሕር ዳር በድንጋይ ካብ ላይ ተኝቶ ይታያል፤ አንደኛው የፊት እግሩ ከካቡ ጫፍ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ውሃው ድንጋዩን ይመታል። ደረቱ ላይ ያረፈው ብርሃን እጅግ ያማረ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም።

ይህ ሥዕል የቆመው ቦብ ለተባለ ውሻ ክብር ነው። ቦብ በቴምዝ ወንዝ ዳር እየኖረ ሃያ ሦስት ሰው ከመስጠም እንዳዳነ ይነገርለታል። ነገር ግን ላንድሲር ቦብን ስላላገኘ፥ ፖል ፕራይ የሚባል የአንድ ባለጸጋ ቤተ ሰብ ውሻ አስመጥቶ፥ ከሥራ ክፍሉ ውስጥ በጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ሣለው። እንግዲህ በባሕሩ ዳር ያለው ጀግና በእውነቱ በጠረጴዛ ላይ የተኛ የቤት ውሻ ነው። ሠዓሊው የሣለው ሥራውን እንጂ ውሻውን አይደለም፤ ለሥራው ደግሞ ማናቸውም መልከ መልካም ውሻ ይበቃዋል።

በዚያ ዘመን ውሻ ወደ ሥዕል የሚገባው ወይ በአዳኝነቱ፥ ወይ የጌታው ጌጥ በመሆኑ፥ ወይም እንደ ቦብ በጀግንነቱ ነበር። በ1860 ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ሴት ለጠፉና ለተራቡ ውሾች የሚሆን መጠጊያ ለንደን ውስጥ ሲከፍቱ ታይምስ ጋዜጣ ሳይቀር ተሣልቆባቸዋል። በ1871 ወደ ባተርሲ ሰፈር የተዛወረው ይህ ቤት ግን እስከ ዛሬ አለ። ከእንዲህ ያለው ቤት የሚወጣ ውሻ ያዳነው ሰው የለም፤ የዳነው እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ሠዓሊው የሚያመሰግንለት ሥራ ሲያጣ፥ ብሩሹ ሳይታወቀው ወደ አዳኙ ሰው ያዘነብላል። የወዳጃችን ሥዕል የወደቀው ከዚህ ላይ ነው፤ ውሻውን አስመስሎ የሣለው የባለቤቱን ምሕረት ነው።

ከዚህ ወጥመድ ያመለጠ ሥራ አለ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ማርክ ባሮን ከ2011 ጀምሮ በሉዊቪል ከተማ ተቀምጦ 5,500 የውሻ መልክ ሣለ። ሁሉም በየመጠለያው ገብተው የሚወስዳቸው ሰው በመጥፋቱ የተገደሉ ናቸው። ቍጥሩም በዚያን ጊዜ በአገሩ መጠለያዎች በየቀኑ ይገደላሉ ተብሎ የተገመተው ልክ ነው። አብዛኞቹ ሥዕሎች በእያንዳንዱ ጎን 30 ሴንቲሜትር ያህል የሆኑ ትንንሽ ሰሌዳዎች ናቸው። እኛ ያየናቸው በፎቶግራፍ ብቻ ስለ ሆነ ስለ ቀለሙ ብዙ ለመናገር አንደፍርም። ቢሆንም እዚህ የሚመሰገን አዳኝ የለም፤ አዳኙ አልመጣምና። ፊቱ ብቻ ቀርቷል። ጉድለቱ ሥዕሎቹ ባንድነት ሲደረደሩ ነው፤ ያን ጊዜ ቍጥሩ ከፊቱ ቀድሞ ይናገራል፥ ተመልካቹም በአንደኛው ውሻ ፊት የሚገባውን ያህል ሳይቆም ያልፋል።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ጻድቁን በሁለት ዓይን፥ ኃጥኡን በጎን አዙረው በአንድ ዓይን ይሥላሉ። ባሮን ይህን ልማድ ይወቅ አይወቅ ምንም አይደለም፤ ካየናቸው ውስጥ ብዙዎቹ ውሾች ግን በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። የወዳጃችን ውሻም ሁለት ዓይን ተሰጥቶታል፤ ዳሩ ግን የተሰጠው ለባለቤቱ እንጂ ለእኛ አይደለም።

ስለ ጠጉሩም አንድ ነገር እንጨምር። ጥቁር ቀለም ከቱቦው እንደ ወጣ ሲቀባ ውሻው ጉድጓድ ይመስላል። ይህን የሚያውቅ ሠዓሊ ሰማያዊና ቡና ዓይነት ቀለም ደባልቆ ጥቁሩን ያወጣል፤ ጀርባው ላይ የሰማዩን ቅዝቃዜ፥ ሆዱ ሥር ከምድር የሚመለሰውን ሙቀት ይጥላል። የእኛው ሠዓሊ ይህን ሁሉ አሳምሮ አድርጎታል። የሚያሳዝነንም ይኸው ነው፤ ይህን ያህል ያየ ዓይን ጆሮውን አላየም ለማለት አይቻልም። ደግሞም ተደብድቦ የኖረ ውሻ ቀና ብሎ አያመሰግንም። እኛ በዚያ ቤት በቆየንበት ሰዓት ውሻው ክብደቱን በኋላ እግሮቹ ላይ ጥሎ፥ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነበር የተቀመጠው። ሠዓሊው ግማሽ ሰዓት ቢታገሠው ይህን ያገኝ ነበር።

ይህን ጽፈን ከጨረስን በኋላ ከማሳተማችን በፊት ለወዳጃችን ማንበብ ይገባናል ብለን ሄድን። እስከ መጨረሻው በዝምታ አዳመጠን። ከዚያም ሠዓሊው መጀመሪያ ጆሮውን እንደ ተቆረጠ ሥሎት እንደ ነበረ፥ እንዲሞላ ያዘዘው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ ነገረን። ስለዚህ ስለ ጆሮው በሠዓሊው ላይ የጻፍነው ወደ ወዳጃችን ይዙር፤ የቀረውን ግን አናነሣም። ስለ ምን እንዳዘዘ ብንጠይቀው፥ «እንግዳ በመጣ ቍጥር ጆሮው ምን ሆኖ ነው ይሉኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ፤ ስነግራቸው እርሱ አጠገቤ ተቀምጦ ነው» አለን። ለዚህ መልስ አልነበረንም።