ሴቻና ሲቀላ፤ የሁለት ሰፈር ከተማን በእግር ስለ መመርመር

ስለ ጋሞ ሕዝብ አኗኗር የጻፉት ሊቃውንት ጥቂቶች አይደሉም። ዳን ስፐርበር በዶርዜ፣ ማርክ አቤሌስ በኦቾሎ፣ ዲና ፍሪማን በዶኮ ተቀምጠው ያጠኑት ጥናት በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። ነገር ግን ሁሉም ዓይናቸውን ያሳረፉት በደጋው ላይ ነው። አርባ ምንጭ ለአብዛኛው ተመራማሪ ስንቅ የሚሸመትባትና መኪና የሚቀየርባት መተላለፊያ ሆና ቀርታለች። ይህ ጸሐፊም ከወቀሳው ነጻ አይደለም። በባሕር ማዶ ሲማር የዶርዜን ቤት በመጽሐፍ ሥዕል አጥንቶ፣ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ከተማይቱን በመኪና መስኮት እያየ አልፎ ወደ ጨንቻ ወጥቷል። ስሕተቱን ያስተዋለው ከዓመታት በኋላ ከሴቻ እስከ ሲቀላ በእግሩ ሲወርድ ነው። ከተማይቱም የሕንፃ ታሪክ የሌላት ሳትሆን፣ ታሪኳን በሁለት ቦታ ከፍላ የያዘች መሆኗን ተረዳ።

ታሪኩ አጭር ነው። የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ ቀድሞ በደጋው ላይ ጨንቻ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት መቀመጫውን ወደ ቈላው አውርዶ አርባ ምንጭን ቈረቈረ። ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ግርጌ ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። አዲሲቱ ከተማ ግን አንድ ሆና አልተወለደችም። መሥሪያ ቤቱና ሹሙ ከላይ በሴቻ፣ ነጋዴውና መንገደኛው ከታች በሲቀላ ሰፈሩ። በመካከላቸውም አራት ኪሎ ሜትር ያህል ቍልቍለት ቀረ።

በዓለም የተከፈሉ ከተሞች ሲነሡ አንባቢ ምናልባት ከ1961 እስከ 1989 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በግንብ የተለያየችውን በርሊንን ያስባል። የአርባ ምንጭ መለያየት ግን ግንብም ጠላትም የለበትም። የሚከፍላት ዳገት ነው። ዳገቱ ደግሞ በአገራችን ያለ ትርጕም አይመረጥም። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በጥንት አነጋገር የጦር ሰፈር የሚተከልበትን ከፍታ ያመለክት ነበር። በአዲስ አበባም ግቢው በአንድ ኰረብታ፣ የአራዳ ገበያ በሌላው ላይ ነበሩ። ስለዚህ ሴቻን ዘመናዊ ፕላን ያወጣት አዲስ ሰፈር አድርጎ ማየት ከፊል እውነት ብቻ ነው። ቈርቈሮና ሲሚንቶ ለብሳ የቆመች የጥንት ከተማ ናት ማለት ይቀርባል።

ከሴቻ ጫፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለተመለከተ፣ የዓባያ ሐይቅ ደፍርሶ ቀላ ብሎ፣ ጫሞም ጠርቶ ይታያል። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የተባለው ጕብታ ተዘርግቷል። እዚህ ያሉት መሥሪያ ቤቶች ይህን ዕይታ የሚያውቁት አይመስሉም። ፊታቸው ወደ መንገዱ፣ ጀርባቸው ወደ ሐይቁ ነው። ሹም የሚጠብቀው ባለጕዳይ በአጥር ሥር በፀሐይ ይቆማል። ለባለጕዳይ የታሰበ ጥላ የሌለው ሕንፃ፣ ዐምዱ ቢያምርም ግማሽ ሕንፃ ነው።

ቍልቍለቱን ሲወርዱ ከተማይቱን አንድ የሚያደርጓት እነማን እንደ ሆኑ ይታያል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፣ ደብተር የያዙ ተማሪዎች፣ የሙዝ ጭነት የሚያጅቡ ጐልማሶች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ሲቀላ ሲደርሱ የቤቱ ሁሉ ፊት ወደ ደንበኛው የዞረ ነው። ከጭቃ ቤቱ ፊት የተዘረጋው የቈርቈሮ ጥላ ለሻጭም ለገዢም ለአላፊውም ነው። ውበት የለውም ይባል ይሆናል፤ ሰውን በማስጠለል ግን ከላይኛው ሰፈር ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። ሠዓሊና መሐንዲስ «የጋሞ የሕንፃ ጥበብ» ሲሉ የዶርዜን ቤት ማለታቸው ነው። በየእንግዳ ማረፊያው የዝሆን ፊት የሚመስለው መልኩ ይቀዳል። ቤቱ በእርግጥ የሚደነቅ ነው። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተሸምኖ፣ በእንሰት ሽፋንና ቅጠል ተከድኖ፣ አዲስ ሳለ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ተቈርጦ ቤቱ ዝቅ ይላል፤ እንዲህ እያጠረ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይኖራል። ሲያስፈልግም ጐረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ሙያው እንግዲህ በመልኩ አይደለም። ቤቱ እርጅናውን አስቀድሞ ያወቀ፣ ያለ ጐረቤት ክንድ የማይቆምና የማይነሣ መሆኑ ነው ሙያው። መልኩን በሲሚንቶ የሚቀዱት ሰዎች ቅርጹን ወስደው ሕጉን ጥለዋል። በሲሚንቶ የቆመ ቤት አያጥርም፣ አይዛወርም፣ ጐረቤትም አይጠራም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ቀርከሃው የሚበቅለው በደጋ ነው። በሞቃቱ ቈላ የዶርዜን ቤት ትከሉ ማለት ለምስጥ መገበር ነው።» ክርክሩ ትክክል ነው፤ እኔም ቀርከሃ ይውረድ አልልም። ይውረድ የምለው ሌላ ነገር ነው። ጋሞዎች ከቤታቸው የበለጠ ያከበሩት ቦታ ጣሪያም ግድግዳም የለውም። እርሱም ዱቡሻ ነው። ሰው የሚሰበሰብበት፣ ክርክር የሚሰማበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሜዳ ነው። ባዶነቱ በሕግ የተጠበቀ ባዶነት ስለ ሆነ፣ በእኔ አስተያየት ከጋሞ ሥራዎች ሁሉ ታላቁ ይኸው ነው።

ሴቻ ቢሮ አላት፣ ሲቀላ ገበያ አላት። የሁለቱንም ሰው በእኩልነት የሚያስቀምጥ ሜዳ ግን በእግሬ ስሄድ አላጋጠመኝም። ይህ ጕድለት የጌጥ ጕድለት አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በተፈጸመው ግድያ ተቈጥተው ለበቀል የወጡትን ወጣቶች፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ተንበርክከው መለሷቸው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ሕንፃ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ዱቡሻን በልባቸው ይዘውት ስለ ወረዱ አስፋልቱ ለአንድ ቀን ዱቡሻ ሆነ። የከተማይቱን የሕንፃ ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ይህን ቀን ከመሠረት ድንጋይ ቀን አስቀድሞ ሊመዘግበው ይገባል።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። የሴቻ ሕንፃዎች ሥልጣንን በሚገባ ያሳያሉ፣ እንግዳን አይቀበሉም። የሲቀላ ቤቶች እንግዳን ይቀበላሉ፣ የነገን አያስቡም። የዶርዜን ቅርጽ የሚቀዱት አዳዲስ ማረፊያዎች ደግሞ ሁለቱንም አያደርጉም። ሁለቱ ሰፈሮች እያደጉ ሲገናኙ በመካከላቸው ያለው ቦታ በሙሉ ለሕንፃ ከተሰጠ፣ ከተማይቱ ሁለቱን የሚያገናኝ ሜዳ የምታገኝበት ዕድል ያልቃል። ከዚያ ላይ ጥቂቱ ሜዳ ሆኖ ቢቀር፣ ጥቂት ዛፍም ቢተከልበት፣ ከብዙ ፎቅ ይበልጥ የጋሞ ሥራ ይሆናል። ለተማሪዎቼም አንድ አደራ አለኝ፤ ወደ ዶርዜ ከመውጣታችሁ በፊት ከሴቻ እስከ ሲቀላ በእግር ውረዱ፣ በእግርም ተመለሱ። ዳገቱን ስትወጡ የሚሰማችሁ ድካም ከማስታወሻችሁ ውስጥ መጻፍ ያለበት ነው።