ብራናው ሲቆጠር፣ ጋዜጣው ሲሰባበር

የቅርስ ጥበቃ ሪፖርት ቁጥር ይወዳል። ስንት መጽሐፍ ፎቶ ተነሣ፣ ስንት ገጽ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ፣ ስንት ሰው ሠለጠነ። በአሜሪካ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ዘንድ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሞላ የኖረው መጠይቅም ይጠይቅ የነበረው ይህንኑ ነው፦ ሠራተኛ፣ ወጪ፣ የተጠገነ ጥራዝ፣ የተቀዳ ቅጂ። የተሠራው ሥራ ይለካል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው መጽሐፍ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ግን ከዚህ አይታወቅም። በአገራችን የጥበቃ ሥራ ላይ የሚጻፉ ዳሰሳዎች ዋና ድክመትም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ እንውሰድ። የፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት፣ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ተቋም ተባብረው እስከ 1990ዎቹ ድረስ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት አስነሡ፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ሥራው አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው መጀመሩ መታደል ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተጻፈው የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ዛሬ በተመራማሪዎች ዘንድ የሚጠራው በፊልም ቁጥሩ፣ 1832 ተብሎ ነው። ይህን ውለታ የሚክድ የለም።

ነገር ግን 9,000 የሚለው አኃዝ የሚሸፍነው ብዙ ነገር አለ። ዊልያም ማኮምበር የጀመሩት፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት የደከሙበት ባለ10 ቅጽ ካታሎግ የሚያደርሰን እስከ 5,000ኛው መጽሐፍ ነው። የተነሣው ሁሉ ካታሎጉ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ፊልሙም ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሐረጉ ኅብረ ቀለም የለም፤ ስፌቱ፣ የገበታው እንጨት፣ ድጉሱ፣ ማኅደሩ ለጥናት በሚበቃ መልክ አይታዩም። ፊልሙ ያዳነው ቃሉን ነው።

መጽሐፉን እስከ ዛሬ ያቆየው ሌላ ሥራ ነው። ዕቃ ቤቱን የሚቆልፈው ቄሰ ገበዝ፣ የላላውን ጥራዝ እንደገና የሚሰፋው ደጓሽ፣ የተቀደደውን ብራና በጅማት፣ የተሰነጠቀውን ገበታ ቀዳዳ እየበሳ በክር የሚያያይዘው ሰው፤ ብዙ የድሮ መጻሕፍት ላይ የእነዚህ እጆች ሥራ ይታያል። አንዳንዱ ጥገና ሻካራ ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ባየው ጊዜ ፊቱን ያጨማድዳል። ቢሆንም ለዘመናት የዘለቀ የጥበቃ ሥራ ነውና በሪፖርቶቹ ውስጥ ቦታ አለማግኘቱ ትዝብት ላይ ይጥላል። ሥልጠና የሚሰጠው ለስካነር ሠራተኛ ነው፤ ደጓሽ ግን ተተኪ ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ አላየሁም።

ብራናስ ቢሆን ቻይ ነው። ከጥላሸት የሚዘጋጀው ጥቁር ቀለም ቆዳውን አይበላም፤ ውሃ፣ አይጥና ሌባ ካልደረሰበት መቶ ዓመት ምንም አይደለም። የሚያሳስበው ልጁ ነው፦ ጋዜጣ። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም. ሲጀመሩ የታተሙበት ዓይነት ርካሽ የእንጨት ወረቀት አጥፊውን በውስጡ ይዞ ነው የሚወለደው፤ አሲዱ ከብርሃንና ከሙቀት ጋር ተባብሮ ቢጫ ያደርገዋል፣ ያደርቀዋል፣ በመጨረሻም ሲገለጥ ይሰባበራል። የጥበቃ ገንዘብና ክብር ግን ዘወትር ወደ ጥንታዊው ይፈስሳል። ብራና ሲታይ ያምራል፤ የድሮ ጋዜጣ አቧራ ነው።

የየል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያደረገውና በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመው ዳሰሳ መደርደሪያው ላይ ያለው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለማወቅ የተሻለ አርአያ ነው። ከ36,000 በላይ ጥራዞች በናሙና ተመርጠው እያንዳንዱ ተገልጦ ታየ፤ የገጹ ጥግ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ ይሰበር እንደሆነ ተፈተነ፤ 37 በመቶው ተሰባሪ ሆኖ ተገኘ። ጥያቄው «ምን ሠራችሁ?» ሳይሆን «ያላችሁ በምን ሁኔታ ላይ ነው?» የሚል ነበር። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ሆነ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከየመደርደሪያው ጥቂት መቶ ጥራዞች በዕጣ አውጥተው እንዲህ ለመፈተን የሚያስፈልጋቸው እርሳስ፣ ቅጽና ትዕግሥት ነው። እርግጥ ሌላ ቅጂ የሌለው ጋዜጣ ጥጉ መታጠፍ የለበትም፤ እሱ በዓይን ይመዘናል። ውጤቱ ሲወጣ ስካነሩ መጀመሪያ የሚዞረው ወደ ጋዜጣ ክፍሉ ሊሆን ይችላል፣ እኛን የብራና ወዳጆችን ቅር ቢለንም።