ግራ እጁን ስሙት

ከያማሃ ኪቦርድ ግራ ጫፍ፣ ከመጀመሪያው ነጭ ቁልፍ አጠገብ፣ አውራ ጣት የምትበቃት ትንሽ ጎማ አለች። ወደፊት ሲገፏት ድምፁ ይቀጥናል፤ ወደኋላ ሲስቧት ይወፍራል፤ ሲለቋት ተመልሳ መሀል ላይ ትቆማለች። ኪቦርድ የገዛ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይነካታል፤ ከዚያ ይረሳታል። ጆሮው በማሲንቆ ያደገ ተጫዋች ግን አይረሳትም። ቁልፍ ሲጫኑት ያው ቁልፍ ነው፤ ድምፁ ወይ አለ ወይ የለም። በሁለት ቁልፎች መካከል ያለው፣ ዘፋኝ በጉሮሮው የማሲንቆ ተጫዋችም በጣቱ የሚያገኘው ለስላሳ መንሸራተት የሚገኘው በዚች ጎማ ነው።

እኔ ይህን በቅጡ ያስተዋልኩት ጃንትራን ከሰማሁ በኋላ ነው። ጃንትራ የምሥራቅ ሱዳን፣ የገዳሪፍ ሰው ነው። ስሙ በአገሩ አነጋገር እብደት እንደማለት ነው። ሥራው የሰርግና የመንደር ጭፈራ ላይ ኪቦርድ መምታት ነው፤ የሚጫወተውን ፈጣን የዳንስ ሙዚቃ ጃግላራ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኦስቲናቶ ሬከርድስ የተባለ አሳታሚ ሥራውን «ሲንተሳይዝድ ሱዳን» ብሎ በአልበም አወጣው። የአልበሙ ረጅም ርእስ ፋሻጋን በስም ይጠራል። እኛ አገር ፋሻጋ ሲባል ትዝ የሚለን ድንበርና ጦር ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚጨፈርበት አገር መሆኑን ከዚህ አልበም በፊት ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን?

ከፋሻጋ ወደ ደቡብ ወርዶ የሱዳኗን የድንበር ከተማ ገላባትን ያለፈ ሰው ባሱንዳ ይደርሳል። መሬቱ ያው ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅል ጥቁር ሸክላ ነው። ከጎንደርና ከጎጃም ለአረም፣ ለአጨዳ በመተማ በኩል የሚሻገር የቀን ሠራተኛ ይህን አገር በእግሩ ያውቀዋል። ሙዚቃውንም ያውቀዋል፤ ማንም የሙዚቃ ጸሐፊ ሳይሰማው በፊት ከሩቅ መንደር በድምፅ ማጉያ እየመጣ ሲያስተኛው ወይም እንቅልፍ ሲነሳው ኖሯል።

አልበሙን መጀመሪያ የሰማሁት ጎንደር ውስጥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንደኛው፣ «ይሄማ ቴክኖ ነው፤ ከዲትሮይት የተቀዳ ነው» አለ። ሌላኛው መተማ ያደገ ነው። ከተቀመጠበት ተነሥቶ ትከሻውን እየነቀነቀ፣ «ምን ዲትሮይት ትለኛለህ! ይሄ ሙሽራ ታጅቦ ሲሄድ የሚመታ ነው» ሲል መለሰለት። እኩለ ሌሊት ድረስ ተከራከሩ። እኔ በሁለቱም አልፈርድም ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ለመፍረድ በቂ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

የእነሱ ክርክር የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ሁሉ ክርክር ነው። ቴክኖ የዲትሮይት ነው፤ ይህ ሐቅ ነው። ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳውንደርሰን የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች በ1980ዎቹ ሠሩት። ነገር ግን እነሱ ራሳቸው የዱሰልዶርፎቹን ጀርመኖች፣ ክራፍትቨርክን፣ እየሰሙ ነው ያደጉት። ሌላው ደግሞ ቻራንጂት ሲንግን ያነሣል። ይህ የቦምቤይ የፊልም ሙዚቃ ተጫዋች በ1982 የሕንድ ራጋዎችን በሮላንድ የከበሮና የቤዝ ማሽኖች ተጫውቶ ሸክላ አሳተመ፤ ገዢ አላገኘም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ ፊውቸር የተባሉት ቺካጎዎች ያንኑ የቤዝ ማሽን ይዘው «አሲድ ትራክስ»ን ሲያወጡ አዲስ ስልት ተወለደ ተባለ። ቺካጎዎች ሕንዱን አልሰሙትም። አንድ ማሽን ሁለት ቦታ፣ በማይተዋወቁ እጆች ሥር፣ ተመሳሳይ ድምፅ አወጣ።

ወደኋላ የሚሄድ ሰው ካይሮ ይደርሳል። በ1944 ሐሊም ኤል-ዳብ የተባለ ወጣት ግብፃዊ ከሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተውሶ ወደ ዛር ሥነ ሥርዓት ይዞ ገባ። የሴቶቹን ዜማ ቀርጾ ወደ ስቱዲዮ ተመለሰ፤ በገደል ማሚቶ ክፍል ውስጥ እያስተጋባ፣ ወፍራሙን ድምፅ እየገፈፈ፣ የቀረውን ርግብግቢት ብቻ አስቀረ። ብዙ ጊዜ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጀማሪ የሚባለው ፒየር ሼፈር ፓሪስ ላይ የሠራው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው። እኔን የሚገርመኝ የዓመቱ መቅደም አይደለም። ዛር ምን እንደሆነ ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ተሻገረ ይላሉ። ይኸው ሐሊም ኤል-ዳብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውንና ከበሮውን አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ከየት ተነሣ ብሎ ክር የሚጎትት ሰው ክሩ ዞሮ በራሱ ጓሮ ሲያልፍ ያገኘዋል።

ወደ ጃንትራ እጅ ልመለስ፤ ለዚህ ክርክር መልሱ ያለው እዚያ ነውና።

ኪቦርዱ በአንድ ኦክታቭ አሥራ ሁለት ቁልፎች አሉት። የሱዳን ዜማ እንደ እኛው ትዝታና ባቲ በአምስት ድምፅ ይሄዳል። ስለዚህ ተጫዋቹ ገና ሳይጀምር ሰባት ቁልፎችን ላለመንካት ወስኗል። ይህ ለጀማሪ ገደብ ይመስለዋል። በደንብ የሚጫወት ሰው ግን ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚዘለውን ክፍተት ባዶ አይተወውም። ቀኝ እጁ ዋናውን ድምፅ ከመርገጡ በፊት ጎረቤቱን በፍጥነት ነካ አድርጎ ያልፋል፤ እንደ ዘፋኝ እንጉርጉሮ። በጃንትራ ቅጂዎች ላይ ይህን ጌጥ በጣም ፈጣን በሆነው ቦታ እንኳ ሲጥለው አልሰማሁትም። ድምፆቹ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ናቸው፤ ደቃቃ፣ የተለያዩ፣ ግን አንድ ላይ የሚፈሱ።

ምቱ ከዜማው ይበልጣል። የሃውስና የቴክኖ ከበሮ አራት እኩል እርምጃ ነው፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። የሱዳን ሰርግ ምት ሲራ ይባላል፤ ሙሽራው ታጅቦ የሚሄድበት ሰልፍም በዚሁ ስም ይጠራል። ሲራ በስድስት ይቆጠራል፤ የእኛ ችክችካ የቅርብ ዘመዱ ነው። በስድስት የሚቆጠር ምት ሁለት በር አለው፤ እግር ለሁለት ከፍሎ ሲረግጠው እጅ ለሦስት ከፍሎ ሊያጨበጭበው ይችላል። የመተማው ጓደኛዬ ትከሻ ያወቀው ይህንን ነው። ጃንትራ ከሁለቱ በሮች አንዱን አይዘጋም። ዜማውን ለጥቂት ዙር ከእግር ጋር ያስኬደዋል፤ ከዚያ ሳያስታውቅ ከጭብጨባው ጋር ያሳድረዋል። ፍጥነቱ አልተለወጠም፤ ከበሮው ያው ከበሮ ነው፤ የሚጨፍረው ሰው ግን መሬቱ ከሥሩ የተንቀሳቀሰ ይመስለዋል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው በተጻፈ ዘፈን ላይ አይደለም። ጃንትራ ሲጫወት ይፈጥራል፤ ለሰዓታት ይቀጥላል፤ አንዱ ዜማ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ መለየት ከባድ ነው። አሳታሚዎቹ ይህን ወደ አልበም ለማምጣት ተቸግረው ያገኙት ዘዴ ራሱ የሚደነቅ ነው። ከኪቦርዱ ውስጥ ዜማዎቹንና ምቶቹን ሚዲ በተባለው ዲጂታል መልእክት አንድ በአንድ ለይተው አወጡ፤ እነዚህን ከቀድሞ ቅጂዎቹ ጋር አዋሕደው አቀናበሩ። ስለዚህ አልበሙ ግማሹ ድሮ ግማሹ ዛሬ ነው። ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፤ የሰዉ ጩኸትና እልልታ። በሰርግ ላይ ተጫዋቹ ጎማዋን መቼ እንደሚስብ የሚነግረው እሱ ነው።

ማሽኑም ከፋብሪካ እንደወጣ አይደለም። የጃፓን ኪቦርድ የሱዳንን ምት ተሸክሞ አይመጣም። ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ኪቦርድ ከፍተው የሚያስተካክሉ፣ የአገሩን ድምፅና ምት የሚጭኑ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የእጃቸው ሥራ በዚህ አልበም ውስጥም አለ። ምሥራቅ ሱዳን ለዚህ ዓይነቱ ጥበብ እንግዳ አይደለም። የፖርት ሱዳኑ የቤጃ ሙዚቀኛ ኑሪ ከቁርጥራጭ ብረት መጣያ ያገኘውን የጊታር አንገት ከአባቱ ካገኘው ታምቡር ጋር በይዶ አንድ መሣሪያ አደረገው። ታምቡር የክራር ወንድም ነው። ያን መሣሪያ አይቶ «ጊታር ነው ወይስ ታምቡር?» ብሎ የሚጨቃጨቅ ሰው ብየዳው ያለበትን ቦታ አላየም። ድምፁ የሚወለደው ብየዳው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስለራሳችን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እኛ አገር ኪቦርድ የተሰደበ መሣሪያ ነው። በደርግ ሰዓት እላፊ የሌሊት ክበቦች ሲከስሙ፣ ትልልቆቹ የትንፋሽ መሣሪያ ባንዶች ሲበተኑ፣ ቦታቸውን የያዘው ኪቦርድና ዋን ማን ባንድ ነው። ከዚያ ወዲህ «ኪቦርድ ሙዚቃችንን ገደለው» እየተባለ ይኖራል። እኔም ብዬዋለሁ። ግን ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ የቀዳውን ካሴት ስሙት። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው የቀረው ኃይሉ፣ አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ብቻውን አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ፣ ከሥር የከበሮ ማሽን አድርጎ ተጫወተ። ማሽኑ አይደክመውም፤ አይዘገይም፤ አይቸኩልም። አኮርዲዮኑ ግን ሲተነፍስ ይሰማል፤ ከምቱ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ወደኋላ ይቀራል፤ መልሶ ይደርስበታል። ይህ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲደመምበት ኃይሉ ታክሲ ይነዳ ነበር።

ከእሱ በኋላ የመጡትም በዚያው መንገድ ናቸው። ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ሲጠሩት፣ ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ይዞ ሲመጣ፣ «ይሄ የፈረንጅ ነው» ያለ ሰው አልጠፋም። ያ ሰው የሰማው ማሽኑን ነው። እጁን አልሰማውም።

ስለዚህ ለሁለቱ ጓደኞቼ ፍርዴ ይህ ነው። ዲትሮይት ያለው ልጅ ስለ ማሽኑ ዘመድ ትክክል ነው፤ ኪቦርዱ ባይኖር ጃግላራ አይኖርም። ሙዚቃው ግን የገዳሪፍ ነው። ያማሃ የጃፓን ነው ማለት ጃግላራ ጃፓናዊ ነው ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ የኦምዱርማን ዘፈን የሚታጀብበት ቫዮሊን ከአውሮፓ መጣ ማለት ዘፈኑ አውሮፓዊ ነው ማለት አይደለም። ስልቱን የሰጠው በስድስት የሚቆጥረው ጭብጨባ፣ በአምስት የሚሄደው ዜማና በግራ እጅ የምትሳበው ጎማ ነው።

አልበሙ በወጣበት ዓመት፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ኦምዱርማን ያለው የሱዳን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ እስከ ማርች 2024 የውጊያ ቦታ ሆኖ ቆየ። ኪቦርድ የሚያስተካክሉት ሰዎች፣ ሰርግ የሚጫወቱት ሰዎች፣ ብዙዎቹ ተሰደዋል፤ ጥቂት የማይባል ስደተኛም ገላባት ላይ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ መተማ ገብቷል። ስለዚህ የዚህ ሙዚቃ መዝገብ ያለው በሰው ኪስና በሰው ሣጥን ውስጥ ነው።

መተማ፣ ገላባት፣ ባሱንዳ ወይም ገዳሪፍ ላይ የተቀዳ የሰርግ ካሴት ወይም ሜሞሪ ካርድ ያላችሁ፣ እባካችሁ በላዩ ላይ ሌላ አትቅዱበት። ወደ ስልካችሁ ገልብጡት፤ ቀኑንና መንደሩን፣ ከሁሉም በፊት የኪቦርድ ተጫዋቹን ስም ጻፉበት።